የአባትዎን ስፒከሮች ከመጣልዎ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን 3.6 በ4.8 ሜትር ሲሆን ወለሉ ሴራሚክ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ከሄዱበት አገር ሲመለሱ ያመጧቸውን ሁለት ባለ እንጨት ሳጥን ስፒከሮችና በየጎኑ 50 ዋት የሚል አምፕሊፋየር ወርሻለሁ። ስፒከሮቹ ቁመታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አንዱ ቡፌው ላይ፣ ሌላው ከሶፋው ጀርባ ጥግ ውስጥ ተቀምጠዋል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ቤዝ ሲመታ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻሉ። ቨርጂንያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለጥምቀት ሲመጣ «ከወገብ በላይ የሚደርሱ፣ 200 ዋት የሆኑ አዳዲስ ስፒከሮች ላምጣልህ» ብሎኛል። የትኛው ማርክ ይሻላል? ስንት ዋት ይበቃል? አሮጌዎቹንስ ልጣላቸው? ባለቤቴ ግን «ስፒከሩን ብትቀይረውም ያው ነው፤ የሚጮኸው ቤቱ ነው» ትላለች።

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ቀድሞ ያስቆመኝ ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ ይልቅ በመጨረሻው መስመር እንደ ዋዛ ያነሷት የባለቤትዎ አስተያየት ናት። ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። በብሎኬትና በኮንክሪት የተሠራ፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ፣ መጠኑም አነስተኛ የሆነ ሳሎን የማንኛውንም ስፒከር ድምፅ ተቀብሎ የራሱን ድምፅ ጨምሮበት የሚመልስ ነው። ስለዚህ ስለ ማርክና ስለ ዋት ከመነጋገራችን በፊት ስለ ቤቱ እንነጋገር፤ ወንድምዎ እስኪመጡ ድረስ ያለ ምንም ወጪ ሊሠሩት የሚችሉት ትልቁ ማሻሻያ ያለው እዚያ ነውና።

እስቲ ሳሎኑ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርር» የሚል፣ ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ቀጭን ድምፅ ከሰሙ፣ እሱ ፊት ለፊት በተገተሩ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች መካከል ወይም በወለሉና በጣሪያው መካከል የሚመላለስ ገደል ማሚቶ ነው። ዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ሲል ጆሮዎን የሚወጋዎትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከስፒከሮቹ ፊት ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ በመስኮቱ ላይ እጥፋቱ የበዛ ከባድ መጋረጃ፣ በባዶው ግድግዳ ላይ ደግሞ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ። ብዙ ወጣቶች በስቱዲዮ ስም ግድግዳ ላይ የሚለጥፉትን የእንቁላል ካርቶን ግን እንዳይሞክሩት፤ ቀጫጭኑን ድምፅ በጥቂቱ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ቤዙን አይነካውም። የ100 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ መቶ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንድ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ይህን የሚያክል ሞገድ ለሁለት ጣት ውፍረት ካርቶን ደንታ የለውም።

ቤዙ የራሱ ሕግ አለው። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 4.8 ሜትር በሚረዝመው ሳሎንዎ ውስጥ ወደ 36 ኸርዝ የሚጠጉ ድምፆች፣ በ3.6 ሜትሩ ወርድ ደግሞ ወደ 48 ኸርዝ የሚጠጉት ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጩ ራሳቸውን ያገዝፋሉ፤ የቤዝ ጊታሩ አንዱ ኖታ ቤቱን ሲያናውጠው ቀጣዩ ኖታ የጠፋ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስፒከር ጥግ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ እነዚህን ድምፆች በሙሉ ኃይሉ ይቀሰቅሳቸዋል። እርስዎ አንዱን ስፒከር ከሶፋ ጀርባ ጥግ ውስጥ፣ ሌላውን ቡፌ ላይ ማስቀመጥዎን ሳነብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፈገግ ብያለሁ፤ በየቤቱ የማየው ነገር ነውና። እንዲህ ሲሆን የጥጉ ስፒከር ያጉረመርማል፣ የቡፌው ደግሞ ከነብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፤ ዘፋኙ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚዘፍን መስሎ መሰማት ሲገባው የት እንዳለ አይታወቅም።

በእኔ አስተያየት ሁለቱንም ወደ አጭሩ ግድግዳ ያምጧቸው። በመካከላቸው 2 ሜትር ያህል ይተዉ፣ ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ያርቋቸው፤ ከጎንና ከጎን ካሉት ግድግዳዎችም እኩል ርቀት ይኑራቸው። እርስዎ የሚቀመጡበት ወንበር ከሁለቱም እኩል፣ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ርቆ ሦስት ማዕዘን ይሥራ። ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ቤዙ እዚያ ላይ ስለሚከማች፣ የቤተሰቡን አቀማመጥ ሳያናጉ አንዲት ነጠላ ወንበር ለማዳመጥ ብቻ ወደፊት ሳብ ማድረግ ይበቃል። ትንሿ ቀጭን ድምፅ አውጪ፣ ማለትም ቱዊተሯ፣ ሰው ተቀምጦ ሳለ ጆሮው በሚገኝበት ከፍታ ላይ መሆን አለባት፤ ይህም ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሳጥኖችዎ ቁመት 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ቱዊተሯ ወደ ላይኛው ጫፍ ከሆነች፣ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ማቆሚያ ያስፈልግዎታል ማለት ነው። ማቆሚያውን የሰፈርዎ በያጅ በግማሽ ቀን ከባለ አራት ማዕዘን ብረት ይሠራልዎታል፤ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ይሙሉት፣ ከሥሩም ጎማ ያድርጉለት። ጎማው ወደ ታችኛው ቤት የሚወርደውንም ንዝረት በመጠኑ ይቀንሳል።

አሁን ወደ መንኮሻኮሹ እንምጣ። በምርመራ ሳላየው በእርግጠኝነት መናገር ባልችልም፣ የዚያ ዘመን ስፒከር እንዲህ ያለ ድምፅ ሲያወጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የትልቁን ድምፅ አውጪ፣ የዉፈሩን ዳርቻ ነው። የፊቱን ጨርቅ ያንሱትና የሾጣጣው ወረቀት ጠርዝ ከብረቱ ክፈፍ ጋር የሚገናኝበትን ለስላሳ ቀለበት ይመልከቱ። ቀለበቱ ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ፣ ስፖንጅ ደግሞ በአየርና በእርጥበት ብቻ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከ15 እስከ 20 ባሉት ዓመታት ውስጥ የሚበሰብስ ነገር ስለሆነ፣ በጣትዎ ሲነኩት እንደ ደረቀ ኬክ ይፈረፈርብዎታል። ከጎማ የተሠራው ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ቀጥለው የሁለቱን እጆችዎን ጣቶች በሾጣጣው ዙሪያ እኩል ዘርግተው፣ በጣም በቀስታ፣ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይልቀቁት። ያለ ድምፅ ገብቶ ከወጣ ከኋላው ያለው ጥቅል ሽቦ ደኅና ነው። እንደ አሸዋ ወረቀት ከፈገፈገ ግን ሽቦው ማዕከሉን ስቶ ከማግኔቱ ጋር እየተፋጨ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ሙዚቃ መክፈቱን ወዲያውኑ ያቁሙ።

የቀለበቱ ጉዳይ በእርስዎ ስፒከሮች ላይ ከሌሎች ይልቅ ሊብስ የሚችልበት ምክንያት አለ። ሳጥኑ ከፊትም ከኋላም ምንም ቀዳዳ የሌለው ድፍን ከሆነ፣ አሠራሩ ኤድጋር ቪልቹር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በፊት ጥልቅ ቤዝ የፈለገ ሰው ቁም ሳጥን የሚያክል ስፒከር መግዛት ነበረበት። ቪልቹር ሾጣጣውን በጣም ልል አድርጎ አንጠለጠለውና የመመለሻውን ሥራ በሳጥኑ ውስጥ ለታሸገው አየር ሰጠው፤ አየሩ ራሱ እንደ ሞላ አገለገለ፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ሳጥንም ጥልቅ ቤዝ ማውጣት ቻለ። ቀለበቱ ሲቀደድ ታዲያ የታሸገው አየር ያመልጣል፤ ሞላው ተበላሸ ማለት ነው፤ ሾጣጣውም ከልክ በላይ ይወራጫል። እርስዎ እንደ ደረቅ ቅጠል ያሉት ድምፅ ይህ ከሆነ፣ ስፒከሩ ሞቷል የሚያሰኝ ነገር የለም። አባትዎ የገዙት ሳጥን፣ ማግኔትና ሽቦ ሁሉ በቦታው አለ፤ ያረጀው አንድ የስፖንጅ ቀለበት ነው።

ይህ ቀለበት ከማጣበቂያው ጋር ለብቻው ይሸጣል፤ አሜሪካ ውስጥ የሁለት ዉፈር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዶላር ያወጣል። ሥራው ጥበብ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፦ አሮጌውን ስፖንጅና ሙጫውን በአልኮል እያራሱ በጥንቃቄ መፋቅ፣ አዲሱን መጀመሪያ ከወረቀቱ ጋር ማጣበቅ፣ እሱ ሲደርቅ ከብረቱ ክፈፍ ጋር ማጣበቅ፣ ሙጫው ሳይዝ ግን ሾጣጣውን ደጋግሞ በቀስታ እየገፉ እንደማይፈገፍግ ማረጋገጥ፣ ከዚያም አንድ ሙሉ ቀን ሳይነኩት መተው። እጄ ይንቀጠቀጣል ካሉ አንድ ጠንቃቃ የሬዲዮ ጠጋኝ ይሥራልዎት፤ ግን አጠገቡ ይቀመጡ። እኔ በአንድ ወቅት ሁለት ዉፈሮች ለአንድ ጠጋኝ ሰጥቼ ብሄድ፣ ቀለበቱን በፈጣን ሙጫ አጣብቆ፣ ማዕከሉ ተዛብቶ፣ ሁለቱንም እንደ ወፍጮ እየተፋጩ መልሶልኛል።

ሳጥኑ ተከፍቶ እያለ ሁለት ነገሮችን ያስፈትሹ። የመጀመሪያው ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚለያየው ክሮስኦቨር ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው፤ የዚያ ዘመን ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች ከአርባ ዓመት በኋላ ይደርቃሉ፣ ቱዊተሯም ድምፅዋ ይደክማል። በላያቸው የተጻፈው ቁጥር ተመሳሳይ በሆነ አዲስ መተካት ነው። ሁለተኛው ከኋላ ማስተካከያ ቁልፍ ካለ እሱን ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ ማዞርና በኮንታክት ማጽጃ ማጽዳት ነው።

ሲገጣጥሙት ቀይና ጥቁሩ እንዳይምታታ። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከተገናኘ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙም በመሐል ይጠፋል፤ ብዙ ሰው «ስፒከሬ ቤዝ የለውም» የሚለው በዚህ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገባውን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ይውሰዱ፤ ፖዘቲቩን በቀዩ፣ ነጋቲቩን በጥቁሩ መግቢያ ላይ ለቅጽበት ብቻ ያስነኩት፤ ሾጣጣው «ጠብ» ብሎ ወደ እርስዎ ወጣ ማለት አለበት። በሁለቱም ስፒከሮች ላይ እንዲሁ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ስለ ገመድ ብዙ አልልም፦ ለመብራት መሰኪያ የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ለእርስዎ ሳሎን በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ ለገመድ የሚወጣ ብር ለምንጣፉ ቢውል ይሻላል።

ስለ ዋት ላቀረቡት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ያስደስትዎታል ብዬ እገምታለሁ። ስፒከር ላይ የተጻፈው 200 ዋት ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚችል የሚናገር እንጂ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገር ቁጥር አይደለም። መመልከት ያለብዎ «ሴንሲቲቪቲ» የሚለውን፣ በዴሲቤል የሚጻፈውን ቁጥር ነው፤ አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚያወጣው ድምፅ መጠን ነው። የተለመደ የቤት ስፒከር 87 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል። በእርስዎ ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ስፒከሮች አንድ አንድ ዋት ብቻ ቢሰጣቸው፣ ወንበርዎ ላይ የሚደርሰው ድምፅ ሰው ለማነጋገር ድምፅዎን ከፍ የሚያደርጉበት መጠን ነው። ኃይሉን ከ50 ወደ 100 ዋት ማሳደግ የሚጨምርልዎ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ግን 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአባትዎ 50 ዋት ይበቃዎታል። የሚያሳስበው አምፕሊፋየሩ አቅሙን ጨርሶ ድምፁ እየተሰነጠቀ ሳለ አሁንም ከፍ ማድረግ ነው፤ ቱዊተር ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነውና።

የትኛው ማርክ ይሻላል ላሉት፣ የማርክ ስም ባልጠራልዎ ይቅር ይበሉኝ። ፍሎይድ ቱል የተባለው ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም በአሜሪካ፣ ሰዎችን ስፒከሩን በማያዩበት ሁኔታ እያስቀመጠ ለብዙ ዓመታት ሲያስደምጣቸው፣ አብዛኛዎቹ የሚመርጡት ተመሳሳይ ነገር መሆኑን አሳይቷል፦ ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉንም ድምፅ ሳያበላልጥ የሚያወጣውን፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ፊት ለፊት ከሚወጣው ጋር የሚስማማውን። ከሥራ ባልደረባው ከሾን ኦሊቭ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ደግሞ እነዚያው አድማጮች ስፒከሩን እያዩ ሲሰሙ ግምገማቸው በመጠኑና በስሙ ተጽዕኖ ሥር ወድቆ ተገኝቷል። ከወገብ በላይ የሚደርስ ስፒከር ገና ሳይከፈት ጥሩ ድምፅ ያለው ይመስለናል ማለት ነው።

ቀለበቱ ተተክቶ፣ አቀማመጡ ተስተካክሎ፣ አንድ ወር ያህል አዳምጠው አሁንም አዲስ ካማረዎ፣ ለ17 ካሬ ሜትር ሳሎን የምመክርዎ ቁመታሞቹን አይደለም። ቁመታም ስፒከር የሚጨምርልዎ ቤዝን ነው፤ ሳሎንዎ ደግሞ ቤዝ የሚተርፈው እንጂ የሚጎድለው አይደለም፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤትዎም የሚስማሙበት ይመስለኛል። ዉፈሩ ከ5 እስከ 6.5 ኢንች የሆነ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ይበቃዎታል። የአየር መውጫው ቀዳዳ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ቢሆን፣ ወይም ድፍን ቢሆን፣ ለግድግዳ ቅርበት ይመቻል። ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም በኦም የሚለካው ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ፣ በአምፕሊፋየርዎ ጀርባ ከተጻፈው ያላነሰ ይሁን፤ 8 ኦም የሚል ከሆነ 4 ኦም ስፒከር ማሠራት አሮጌ አምፕሊፋየርን ያግላል። ለሠርግ ድንኳን የተሠሩትንና ሰዉ በጅምላ ሞንታርቦ የሚላቸውን ጥቁር ሣጥኖችማ አያስቡ፤ ሥራቸው መቶ ሜትር ላይ መሰማት ነው።

ለመፈተን የሚያውቁትን ድምፅ ይጠቀሙ። እኔ በገና አስደምጣለሁ። በገና ዝቅተኛ ድምፅ ያለው ሆኖ ሳለ፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ያለችው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራ፣ የምትሰጠው የሚነዝር ድምፅ ደግሞ እስከ ላይ ይወጣል፤ መጥፎ ስፒከር ወይ ነዘሩን ዋጥ ያደርገዋል፣ ወይ እንደ ንብ ያደርገዋል። ቀጥሎ ያለ ሙዚቃ የሚናገር የሰው ድምፅ፣ ለምሳሌ የሬዲዮ ዜና አንባቢ፤ ከደረቱ የሚናገር ይመስላል ወይስ ከጣሳ ውስጥ? ከካሴት ላይ ከተገለበጡ አሮጌ ዘፈኖች ግን ፍርድ አይስጡ፤ ጥሩ ስፒከር የቴፑን ሹክሹክታ ጭምር ያሰማዎታል።

ወንድምዎ ከአሜሪካ የሚያመጡት ነገር ካለ አንድ ወጥመድ አለ። ከአምፕሊፋየር ኃይል የሚቀበል፣ መብራት ላይ የማይሰካ ስፒከር የትም አገር ቢገዛ እዚህ ይሠራል፤ ቮልቴጅ አይመለከተውም። አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለበት፣ ራሱ መብራት ላይ የሚሰካው ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በ220 ቮልታችን ላይ ሲሰኩት ዕድሜው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ከጀርባው «100–240» የሚል ካልተጻፈበት ወይ ይተዉት፣ ወይ ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያዘጋጁ። ክብደቱንም ያስቡት፦ ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮች በአንድ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይገባሉ፤ ቁመታሞቹ ግን እያንዳንዳቸው ብዙ ጊዜ ያን ያህል ይመዝናሉ።

ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ድምፁን ዝቅ ሲያደርጉ ቤዙ የጠፋ ቢመስልዎት የጆሮ ተፈጥሮ ነው፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ጆሮ ቤዝን አሳንሶ ይሰማል። የአባትዎ አምፕሊፋየር ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ ካለ የተሠራው ለዚህ ሰዓት ነው። ቀን ላይ ግን ያጥፉት።

እንግዲህ ወንድምዎ ከመነሳታቸው በፊት የሚልኩላቸው መልእክት አጭር ነው። የዉፈሩን ቀለበት የውጭና የውስጥ ዲያሜትር፣ እንዲሁም ቀለበቱ የሚጣበቅበትን የወረቀቱን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ «8 ኢንች» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ ሁለት ባለ 8 ኢንች ዉፈሮች የተለያየ ቀለበት ሊፈልጉ ይችላሉ። ከማግኔቱ ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ፎቶ አንሥተው ይጨምሩበት። ቀለበቶቹ በፖስታ ውስጥ ይገባሉ፤ የወንድምዎ ሻንጣ ደግሞ ለሌላ ነገር ይተርፋል።